ወንበሩ፣ ሲሊንደሩ፣ ጀበናው የት ይግባ? ለማደሪያ ሚኒባስ የዕቃ ማስቀመጫ ንጽጽር

ሚኒባስ ገዝቶ ማደሪያ፣ ማለትም ካምፐር ቫን፣ ያደረገ ሰው አልጋውንና ማብሰያውን ቶሎ ያጠናቅቃል። ራስ የሚያዞረው ትርፍራፊው ነው፦ ታጣፊ ወንበር፣ የሸራ ምሰሶ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ክሪክ፣ አካፋ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ ጭቃ የበላ ቦቲ ጫማ፣ የከሰል ምድጃ፣ ጀበና፣ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ። ወይ ረጅም ናቸው፣ ወይ ክብ፣ ወይ እርጥብ፣ ወይ የሚሸቱ። ከተራ ቁም ሣጥን አይገቡም፤ ቤት ትተናቸው እንሂድ ቢባልም አይሆንም።

ምክሩ ደግሞ እርስ በርሱ ይጋጫል። ብየዳ ቤት የሄደ ሰው ፖርቶ መጋላ (ጣሪያ ላይ የሚታሰር የዕቃ መጫኛ) አሠራ ይባላል፣ እንጨት ቤት የሄደ መሳቢያ። ሁሉም የሚሸጠው የሚያውቀውን ነው። እዚህ ስድስት አማራጮች በአንድ መመዘኛ ተነጻጽረዋል። ልኩ የተወሰደው ከቶዮታ ሃይኤስ ነው፤ በጎጃም መንገድ በብዛት የሚታየው እሱ ስለሆነ። የእንጨትና የብረት ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በብር ፋንታ የቁሳቁስ መጠን ተጽፏል። ያንን ይዞ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ዋጋ መጠየቅ ይቻላል።

## መመዘኛዎቹ

ብዙ ሰው ባዶ ቦታ ፈልጎ ዕቃ ይሞላበታል። ከዕቃው መነሳት ይሻላል። ስንት ይመዝናል? ይረጥባል ወይ? ይሸታል ወይ? በቀን ስንቴ ይፈለጋል? እነዚህ ከተመለሱ ቦታው ራሱ ይጠቁማል፣ ካልተመለሱ ግን ውድ መሳቢያ ተሠርቶም ወንበሩ አልጋ ላይ ያድራል።

ክብደቱ የት ያርፋል? ከባድ ነገር ዝቅ ብሎ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል መቀመጥ አለበት። አጭር አካል ባለው ሃይኤስ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 257 ሴንቲ ሜትር ነው። ከኋላ ጎማው 120 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወጥቶ 40 ኪሎ ቢንጠለጠል የኋላው 59 ኪሎ ገደማ ይጨመርበታል፣ የፊቱ ደግሞ 19 ኪሎ ገደማ ይቀልለዋል። መሪ የሚይዘው የፊቱ ጎማ ነው።

ፍሬን ሲያዝ ባለበት ይቆያል? ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ ወደ 1,100 ሜትር ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ዕቃው ወደ ሾፌሩ ይገፋል፣ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ በሩ። በደረቅ አስፋልት ላይ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ አንድ ዕቃ የክብደቱን 80 በመቶ ያህል ጉልበት ወደ ፊት ያሳርፋል። ግጭት ቢደርስ ጉልበቱ 20 እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ 25 ኪሎ ሲሊንደር እንደ ግማሽ ቶን ነው። ስለዚህ «ከብዶ ስለተቀመጠ አይንቀሳቀስም» የሚባል ነገር የለም።

አልጋ ሳይነሳ ይደረስበታል? ጎማ የሚፈነዳው ዝናብ ላይ ነው። ክሪኩን ለማውጣት ፍራሽ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ አቀማመጡ ወድቋል። ኬላ ላይ ፍተሻ ሲኖርም በአንድ በር የሚከፈት ቦታ ጊዜ ይቆጥባል።

አቧራ፣ እርጥበትና ሽታ። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ከባድ ነው፣ በጋ ላይ ደግሞ የኮረኮንቹ አቧራ በማንኛውም ቀዳዳ ይገባል። ጭቃ የነካ ነገርና የመኝታ ልብስ አንድ ላይ መሆን የለባቸውም።

ይነቀላል? መኪናው በየዓመቱ ቦሎ ለማግኘት ይመረመራል። ወንበር መንቀልና አካል ላይ መበየድ ጥያቄ ስለሚያስነሳ ከመሥራት በፊት ምርመራውን የሚያካሂደውን የትራንስፖርት ቢሮ መጠየቅ ይቀድማል። በብሎን የታሰረ ነገር በግማሽ ቀን ይወልቃል፣ የተበየደ ግን ቁርጥ ነው።

ወጪና የሥራ ጥራት የመጨረሻው መመዘኛ ነው፤ በየከተማው ሊጠገን የሚችለው የትኛው ነው የሚለውም አብሮት ይታያል።

## 1. ከአልጋ ሥር፣ ከኋላ በር የሚከፈት ሣጥን

አብዛኛውን ሰው የሚያዋጣው ይህ ነው፣ ስህተት የሚበዛውም በዚሁ ነው።

ቀድሞ መለካት ያለበት ከፍታው ነው። ሰው አልጋ ላይ ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ ከፍራሹ በላይ ከ90 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። የዝቅተኛው ጣሪያ ሃይኤስ ውስጣዊ ቁመት ወደ 132 ሴንቲ ሜትር ነው። 95 ለመቀመጫ፣ 10 ለፍራሽ ሲቀነስ ከአልጋው ሥር 27 ብቻ ይቀራል። 20 ሊትር ጀሪካን እዚህ አይቆምም፣ ሲሊንደርማ አይታሰብም። ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ሃይሩፍ ወደ 160 ስለሚጠጋ ከአልጋ ሥር እስከ 55 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ጀሪካኑ ቆሞ ይገባል። ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው ሰው መምረጥ አለበት፦ ወይ ቀና ብሎ መቀመጥን ይተዋል፣ ወይ ጀሪካኑን ሌላ ቦታ ይፈልግለታል። ጀሪካን አጋድሞ ማስቀመጥ መፍትሔ አይደለም፣ ክዳኑ ያዘንባል።

የሚያስፈልገው ቁሳቁስ፦ 30 በ30 በ1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) 4 ቁራጭ (እያንዳንዱ 6 ሜትር፣ ሁሉም አንድ ላይ 32 ኪሎ ገደማ)፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ የእንጨት ሉህ) 2 ሉህ (ሉሁ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ 23 ኪሎ የሚመዝን)። ገና ዕቃ ሳይገባበት ወደ 80 ኪሎ ማለት ነው። መከፋፈያዎቹን በ9 ሚሊ ሜትር መሥራት ክብደቱን ይቀንሰዋል። ችፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ የተጨመቀ ሰሌዳ) ርካሽ ቢሆንም አይሆንም፤ አንዴ ውሃ ከገባበት ውኃ እንደነካው ዳቦ ያብጥና ቪቱን ይተፋል።

ሣጥኑን በመኪናው ርዝመት ወደ ሦስት መክፈል በቂ ነው። አንዱ ጠባብ ይሁን፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለምሰሶ፣ ለአካፋና ለታጠፈ ወንበር። መሀሉ ለከባድ ነገር። ሦስተኛው ለእርጥብ፤ ወለሉ በወፍራም ላስቲክ ወይም በላሜራ ይሸፈንና ጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይታጠፍ። የጎማ ቤቶቹ ወደ ውስጥ ስለሚገቡ ስፋቱ የሚለካው በእነሱ መካከል ነው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አይደለም።

180 ሴንቲ ሜትር የጠለቀ ሣጥን ግን ከጫፉ ዕቃ አይሰጥም። መሳቢያ የሚታሰበው ለዚህ ነው። ኳስ ያለው የብረት ሐዲድ በጣም ይሞገሳል፣ ለዚህ መንገድ ግን አይመችም። ለቤት ቁም ሣጥን የሚሸጠው ሐዲድ ለከባድ ጭነት አልተሠራም፣ የኮረኮንች አቧራ ከቅባቱ ጋር ሲለነቀጥ ኳሶቹ ይቆማሉ፣ መንቀጥቀጡ ደግሞ ሐዲዱን ያጣምመዋል። ከእሱ ይልቅ ከኮምፔንሳቶ ትሪ ሠርቶ ከሥሩ ከአሮጌ ጀሪካን የተቆረጠ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ስስ ቁራጭ መምታት ይሻላል። ፕላስቲኩ በቀለም በተቀባ እንጨት ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል፣ ካለቀ በነፃ ይቀየራል። የቪቱ ራስ ወደ ውስጥ መስመጥ አለበት፣ አለበለዚያ ወለሉን ይቦጭቀዋል።

ትሪው በሁለቱም በኩል መቀርቀሪያ ያስፈልገዋል። ከዓባይ ወደ ደጀን ስትወጡ 40 ኪሎ የጫነ ትሪ የኋላ በሩን ይደገፋል፤ በሩ ሲከፈት በሰው ጉልበት ላይ ይመጣል።

ከፍራሹ ሥር ያለው ጣውላ ድፍን ከሆነ የሁለት ሰው ትንፋሽና ላብ ከታች ጤዛ ሆኖ ፍራሹን ያሻግታል። በየ15 ሴንቲ ሜትሩ 3 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ መብሳት ወይም በርብራብ መሥራት ያድነዋል።

## 2. ፖርቶ መጋላ

ለቀላልና ግዙፍ ዕቃ ጥሩ ነው፦ ሸራ፣ ምሰሶ፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ ባዶ ጀሪካን። ለከባድ ነገር መጥፎ ምርጫ ነው። ከ50 ኪሎ ማለፍ አይመከርም፤ የመኪናው መመሪያ ዝቅ ያለ ቁጥር ካለው ያኛው ይበልጣል። ጣሪያ ላይ ያለ ጭነት ጠመዝማዛው ላይ መኪናውን ያንገዳግደዋል፣ ነዳጅም ይበላል።

ሃይኤስ በጣሪያው ዳር አሸንዳ ስላለው እግሮቹን እዚያ ላይ በመቆንጠጫ መያዝ ይቻላል። ጣሪያውን በስቶ ማሰር ውሃ ማስገባት ነው፤ ሲልኮኑ በፀሐይ ይሰነጠቃል። ቢያንስ በየጎኑ ሦስት እግር ይኑረው። የቆንጣጩን ዳዶ ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ማጥበቅ የሚረሳ፣ ግን ዋና ሥራ ነው።

ሦስት ችግሮች አስቀድመው ይታወቁ። ዝናብ ላይ መሰላል መውጣት አለ። ከተማ ውስጥ ዕቃው ለሁሉም ዓይን ይታያል። ቁመቱም ይጨምራል፤ የሆቴል በርና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲመጣ ማወቅ ስላለባችሁ ጠቅላላውን ቁመት በወረቀት ጽፋችሁ ከሾፌሩ ፊት ለጥፉት።

## 3. ከኋላ በር ውጭ የሚንጠለጠል

የሃይኤስ የኋላ በር ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። ተሸካሚ ብረት በሩ ላይ ከታሰረ ከፍተው የሚይዙት የጋዝ ክንዶች ጭነቱን አይችሉም፣ በሩ በሰው ራስ ላይ ይወርዳል። የሚሻለው ከሻሲው የሚነሳና ወደ ጎን የሚዞር ክንድ ነው፤ ሥራው ውድ ነው፣ ጎበዝ በያጅም ይፈልጋል። ታርጋውንና የኋላ መብራቱን ከጋረደ ትራፊክ ያስቆማል። አቧራው ሁሉ የሚሰበሰበው በመኪናው ጀርባ ስለሆነ እዚያ የሚሰቀል ነገር በደንብ መሸፈን አለበት። ብስክሌት ለሚጭን ብቻ ይገባል። ለሌላው ገንዘብ ማባከን ነው።

## 4. ከወለል ሥር የብረት ሣጥን

ሐሳቡ ያማልላል፣ ክብደት ዝቅ ይላል፣ ቆሻሻ ነገር ከቤት ይወጣል። ግን በሃይኤስ ሆድ ሥር ባዶ ቦታ ጥቂት ነው፦ ታንከሩ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው)፣ ባሌስትራው (የንጣፍ ብረት ሞላው)፣ ከኋላ ደግሞ ስኮርታው (ተለዋጭ ጎማው)። የሚቀረው ወለል ከመሬት ያለው ርቀት አነስተኛ ስለሆነ ሣጥኑ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊጠልቅ አይገባም። ከማርሚታው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ባሌስትራው ሲጨመቅ እንዳይነካውም መኪናው ሙሉ ተጭኖ ይለካ።

የሚገባበት ነገር፦ ክሪክ፣ ታኮ (የጎማ ማገጃ)፣ ሰንሰለት፣ የመጎተቻ ገመድ። ምግብ፣ ልብስ፣ ኤሌክትሪክ ነገር አይገባም፤ ክዳኑ ጎማ ቢኖረውም ደቃቅ አቧራ ይገባል። ከሥሩ ሁለት የ10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ለውሃ መውጫ ይተዉ። ሻሲው ላይ መበየድ ሳይሆን በብሎን ማሰር ይገባል። የትም ቦታ ብየዳ የግድ ከሆነም ቀድሞ ባትሪው ይነቀል።

## 5. የሸራ ኪስ፣ መረብና የቀርከሃ መደርደሪያ

ርካሽና ቶሎ የሚሠራ፣ ግን የሚናቅ አማራጭ። የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው ለግድግዳ፣ ለበርና ለፊት ወንበር ጀርባ ባለ ኪስ ሸራ በልክ ይሰፋል። 2 ሜትር ሸራ ለአንድ ጎን ይበቃል። ኪሶቹ ከላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር የላስቲክ ጠርዝ ጋር ይሰፉ፣ አፋቸው እንዳይከፈት። ገመድ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የውሃ ጎማ፣ ባትሪ መብራት፣ ጓንት ሁሉ እዚህ ነው። በአንድ ኪስ ከ2 ኪሎ በላይ ካለ ስፌቱ ይተረተራል።

ለጣሪያው ጥግ ቀርከሃ መመልከት ይገባል። እንጅባራና አካባቢዋ በደጋ ቀርከሃ የታወቁ ናቸው፣ ሠሪዎቹ ልክ ከተሰጣቸው ቀላል መደርደሪያ ይሠራሉ። ከኮምፔንሳቶው በጣም ይቀልላል። ሚስማር ግን ይሰነጥቀዋል፦ ቀድሞ በመሰርሰሪያ ተበስቶ በብሎን ወይም በጠፍር ይያዛል። ከ3 ዓመት በታች የተቆረጠ ለጋ ቀርከሃ ይጨማደዳል፣ ብልም ይበላዋል። ዱቄት የሚያራግፍ ቀርከሃ ካያችሁ አትግዙ። በዚህ መደርደሪያ ላይ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ የቅያሪ ልብስ እንጂ ጣሳና ጠርሙስ አይቀመጥም፤ ከራስ በላይ ያለ ጠንካራ ነገር ፍሬን ሲያዝ የሚወድቀው ሰው ላይ ነው።

## 6. ተነቃይ ሣጥኖች በቀበቶ

ክዳን ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ማጥበቂያ ባለው የጭነት ቀበቶ ወለሉ ላይ የሚታሰር። መኪናው በሳምንቱ መሀል ሰው ወይም ዕቃ የሚጭን ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ቅዳሜ ይጫናል፣ ሰኞ ይወርዳል።

ቁልፉ ማሰሪያ ነጥቡ ነው። የተነቀለ ወንበር የታሰረባቸው የወለል ቀዳዳዎች በመኪናው ውስጥ ካሉት ሁሉ ጠንካሮች ናቸው፤ ቀለበት ያለው ብሎን እዚያ ይገባል። የደህንነት ቀበቶ መልሕቅ ላይ የሚታሰር ከሆነ ጥርሱ 7/16 ኢንች መሆኑ ይታወቅ። ተራውን ሚሊ ሜትር ብሎን ገፍቶ ማስገባት ጥርሱን ይጨርሰዋል፣ ቀበቶውም ዳግመኛ አይያዝም። አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት በፊት መኪናው ሥር ገብታችሁ ታንከሩ፣ የፍሬን ቱቦውና ሽቦው የት እንደሚያልፍ እዩ። የተበሳው ጠርዝ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባ፣ ከሥሩም ሰፊ ሮንዴላ (መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) ይግባ።

የሞተር ሳይክል ላስቲክ ገመድም ሆነ ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) የተቆረጠ ጎማ ድምፅ ለማጥፋት ጥሩ ነው። ከባድ ዕቃ ለማሰር ግን አይሆንም፤ ይለጠጣል፣ ዕቃው ፍጥነት አግኝቶ ይመጣል።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚመቸው ዕቃ | ከባድ ዕቃ | ለመድረስ | አቧራና ዝናብ | ለመንቀል | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ከአልጋ ሥር ሣጥን | ወንበር፣ ምሰሶ፣ ጀሪካን፣ መሣሪያ | ይችላል | ከኋላ ቀላል፣ ጥልቁ ከባድ | ጥሩ ጥበቃ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ፖርቶ መጋላ | ሸራ፣ ባዶ ጀሪካን | አይመከርም | መሰላል ይፈልጋል | ጥበቃ የለም | ቀላል | መካከለኛ |
| ከኋላ በር ውጭ | ብስክሌት | አይመከርም | ቀላል | በጣም መጥፎ | ከባድ | ከፍተኛ |
| ከወለል ሥር ሣጥን | ክሪክ፣ ታኮ፣ ሰንሰለት | በመጠኑ | ተንበርክኮ | መጥፎ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ሸራ ኪስና ቀርከሃ | ገመድ፣ ጋቢ፣ ትናንሽ ዕቃ | አይችልም | በጣም ቀላል | ጥሩ | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ |
| ሣጥን በቀበቶ | የማብሰያ ዕቃ፣ ጀሪካን | ከታሰረ ይችላል | ቀላል | ክዳኑ ካለ ጥሩ | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ |

## አስቸጋሪዎቹ ዕቃዎች

የጋዝ ሲሊንደር። 12.5 ኪሎ ጋዝ የሚይዘው ከነብረቱ 25 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ ለማደሪያ መኪና ትልቅ ነው። ትንሹ ለሁለት ሰው ይበቃል። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈተለከ ወደ ወለል ወርዶ ከአልጋው ሥር ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ለብቻው በተሠራ፣ ወደ ውስጥ ባልተከፈተ ሣጥን ውስጥ ቆሞ ይታሰር። ከሣጥኑ ወለል ወደ ውጭ የሚወጣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ይኑረው፣ ቀዳዳውም ከማርሚታ በላይ አይሁን። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ መፈተሽ፣ በጉዞ ላይ ቁልፉን መዝጋት ልማድ ይሁን። ጮቄ ተራራ ላይ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቡቴን (በብርድ በደንብ የማይተን የጋዝ ዓይነት) የበዛበት ጋዝ ይዳከማል፤ ሲሊንደሩን ለማሞቅ አልጋ አጠገብ ማምጣት የተለመደ ስህተት ነው።

ውሃ። 20 ሊትር 20 ኪሎ ነው። ሁለት ጀሪካን ከኋላ ከመደርደር አንዱን ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ አንዱን ከረዳቱ ወንበር ጀርባ ማቆም መኪናውን ሚዛኑን ያስጠብቀዋል። ከፊት ወንበሮቹ ሥር ማስገባት አይቻልም፣ የሃይኤስ ሞተር እዚያ ነው፤ ቀዝቃዛ መሆን ያለበት ነገርም ወደዚያ አይጠጋ።

ከዓባይ ድልድይ ደጀን ሲደረስ የአየሩ ግፊት በ15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ዘይት፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ላምባ ሁሉ ይነፋና በክዳኑ ያዘንባል። ሙሉውን ጀሪካን ሁለት ጣት አጉድላችሁ ያዙ፣ ደጀን ላይ ክዳኑን ለቀቅ አድርጋችሁ መልሳችሁ ዝጉ። ወደ ታች ሲወረድ የተገላቢጦሽ ነው፣ ባዶው ጀሪካን ይጨማደዳል፤ አይጎዳም። ተንቀሳቃሽ መጸዳጃም ያው ነው። ዳገቱን ከመጀመር በፊት ባዶ አድርጉት፣ ካልሆነ ከመክፈታችሁ በፊት የአየር ማስወጫውን ተጫኑ፤ አለበለዚያ ይረጫል።

ነዳጅ በጀሪካን ከሰው ጋር አንድ ቤት ውስጥ አይጓዝም። የሃይኤስ ታንከር 70 ሊትር ስለሚይዝ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር ለመድረስ ይበቃል።

ጀበና፣ ሲኒና ረከቦት። ከኋላ ጎማው ወደ ኋላ ያለው ቦታ ከሁሉ በላይ ይዘላል፣ በጎማዎቹ መካከል ያለው በጣም ያነሰ ነው። ጀበና የሚሰበረው አንገቱ ላይ ስለሆነ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቆሞ፣ ባልዲ ውስጥ ይገባና ባልዲው መሀል ላይ ይታሰር። ሲኒዎቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲደረደሩ በመካከላቸው የጨርቅ ቁራጭ ይግባ። ረከቦቱ ራሱ ከአልጋው ሥር ጎድጎድ ብሎ ሊገባ ይችላል፤ እግሩ የሚፈታ ከሆነ የተሻለ።

የከሰል ምድጃ። መኪና ውስጥ መቀጣጠል የለበትም፤ የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል። በረዶ በሚመስል ሌሊት ምድጃውን ለሙቀት ማስገባት ያው ሞት ነው። አመዱ የጠፋ ቢመስልም ፍም ስለሚያቆይ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአልጋው ርቆ ይቀመጥ። ከሰሉ ራሱ በላስቲክ ታስሮ የእርጥቡ ክፍል ተቃራኒ ጎን ይሁን።

ረጃጅም ነገሮች። የሸራ ምሰሶና አካፋ በጠባቡ ክፍል ይገባሉ። አካፋው ስለቱ ወደ ኋላ፣ እጀታው ወደ ፊት። ጫፋቸው ከመነዳሪ ቢለብስ መንኳኳቱ ይጠፋል። በጎን በሩ ደረጃ ላይ ያለው ጉድጓድ ብዙ ሰው የማያስበው ቦታ ነው። ቦቲ ጫማ ከነጭቃው በባልዲ እዚያ ያድራል።

## ለማን የቱ

ለሁለት ሰው፣ በወር አንዴ ጣና ዳር ወይም ዘንገና ሐይቅ ለሚያድር፣ በትንሽ ገንዘብ፦ ሦስት ሣጥን፣ አራት ቀለበት ብሎን፣ አራት ቀበቶ፣ አንድ ጎን ሸራ ኪስ። ብየዳም እንጨት ሥራም የለም። ገንዘብ ሲገኝ ቀርከሃው ይጨመራል።

ለቤተሰብ፣ ለምሳሌ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት እንጅባራ ለሚወጣና ሁለት ሌሊት ለሚያድር፦ ከአልጋ ሥር ሣጥን ከእርጥብ ክፍሉ ጋር፣ ላዩ ላይ ኪሶች። ልጆች ስላሉ ሲሊንደሩ በራሱ ሣጥን ውስጥ መሆኑ ለድርድር አይቀርብም። ጣሪያው ላይ ሸራና ወንበር ብቻ።

መሣሪያ ይዞ በቢቸናና ሞጣ በኩል ገጠር ለገጠር ለሚሠራ ባለሙያ፦ ከአልጋ ሥር ሣጥኑ በትሪ፣ ክሪኩና ሰንሰለቱ ከወለል ሥር። ለዚህ ሰው ዕቃ ማግኘት በቀን አሥር ጊዜ ስለሆነ በትሪው ላይ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል።

መኪናውን በሥራ ቀን ሰው ለሚጭንበት፦ ቁጥር 6 ብቻ፣ ሌላ አይታሰብ። ወንበሮቹ መልሰው ስለሚገቡ ምርመራውም ቀላል ይሆናል።

የትኛውም ቢመረጥ ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በፊት ሙሉ ተጭኖ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ላይ ይነዳ፣ ባዶ ሜዳ ላይም በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለት ጊዜ ጠንካራ ፍሬን ይያዝ። ከዚያ በሩ ሁሉ ተከፍቶ ቦታውን የለቀቀው ይታይ፣ ዳዶዎቹ ይጥበቁ፣ የሚንኳኳው በጨርቅ ወይም በጎማ ይያዝ። ሦስት ጣት ያህል የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ ማሰሪያው ይቀየር፣ ይጥበቅ አይባል።